ለቆየ ስፖርት መኪና ትልቅ ቱርቦ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ይጀምራሉ፤ ወደ ታች ስትወርዱ ጠጠር ይላሉ።

ቱርቦ እንዴት ነው የሚሠራው? ትልቅ ሲሆንስ ምን ይለወጣል?

ሞተር ማቃጠል የሚችለው ባገኘው አየር ልክ ነው። ቱርቦ አየር ይጨምርለታል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል። ተርባይኑ ደግሞ በቀጭን ዘንግ ከኮምፕረሰሩ ጋር ተያይዟል። ኮምፕረሰሩ ንጹሕ አየር ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ወደ ሲሊንደር ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ150,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው።

ትልቅ ቱርቦ ብዙ አየር ያሳልፋል። ነገር ግን ከባድ ነው፤ እስኪነሳ ብዙ ጭስ ይፈልጋል። ነዳጅ ረግጣችሁ ጉልበቱ እስኪመጣ የምትጠብቁት ጊዜ ላግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ የቀረበው ፖርሽ 911 ቱርቦ በዚህ ስሙ ይነሳል። ስትረግጡት መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንዴም ኩርባ መሃል። የቱርቦ ምርጫ ማለት እንግዲህ ላይ የምታገኙትን ጉልበት ታች ካለው ጋር መደራደር ነው።

ቱርቦውን ሳልቀይር ግፊቱን ብቻ ብጨምርስ?

ለብዙ ሰው ይሄ ይበቃል ባይ ነኝ። የፋብሪካ ቱርቦ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ትርፍ አቅም አለው። ማርሚታው ሲሰፋ፣ ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ሲሻሻል፣ የሞተሩ ኮምፒዩተር በደንብ ሲስተካከል መኪናው ሌላ ይሆናል። ያወጣችሁት ገንዘብም አይባክንም። ነገ ትልቅ ቱርቦ ብትገጥሙ እነዚህ ሁሉ ያስፈልጓችኋል።

ልኩ ካለፈ ግን ቱርቦው ከአየሩ ይልቅ ሙቀቱን ማብዛት ይጀምራል። በቁጥር እንየው። ባሕር ወለል ላይ ነን፤ ውጭው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቱርቦው የሚጨምረው ግፊት 1 ባር ነው እንበል። ኮምፕረሰሩ 75 በመቶ ውጤታማ ከሆነ አየሩ 112 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ውጤታማነቱ 60 በመቶ ከሆነ 134 ዲግሪ ይደርሳል። የሞቀ አየር ስስ ነው፤ ሞተሩም ማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ መምታት) ይጀምራል። መለኪያው ላይ ግፊቱ ይታያል፤ እግራችሁ ስር ግን ጉልበቱ የለም።

አንዳንዱ ቱርቦ ደግሞ ጭራሽ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጣው ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር አር32 ተርባይኖቹ ሴራሚክ ናቸው። ቀላል ስለሆኑ ቶሎ ይነሳሉ። ግፊትና ሙቀት ሲበዛባቸው ግን ተሰብረው ይበተናሉ። በእነሱ ላይ 1 ባር አካባቢ ማቆም የተለመደው ለዚህ ነው።

ቱርቦ ከመግዛቴ በፊት ምን ላስመርምር?

ሞተሩን። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕረሽን ይለካ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ብዙም ባይርቅ ጥሩ ነው። ቀጥሎ አየር በየሲሊንደሩ አስገብታችሁ የሚያፈሰው በየት እንደሆነ አዳምጡ። በዘይት መሙያው በኩል ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደክሟል። በማርሚታው ወይም በአየር መግቢያው ከሆነ ቫልቭ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ራስና ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል። የዘይት ግፊቱንም ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ እዩት፤ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ሞተር ጎበዝ ነው።

እኔ ይሄን ዘልዬ ነው የጀመርኩት። «ሞተሩ እኮ ደህና ይነሳል» ብዬ። ቱርቦው በተገጠመ በሁለተኛው ሳምንት ጓርኒሲዮኑ ተቃጠለ። ለምርመራ አላወጣም ያልኩት ገንዘብ ለቴስታታ ማስለመጫ እንኳ የማይበቃ ትንሽ ነበር። ሌላው የተረሳ ነገር ጎማ ነው። ከ25 እና 30 ዓመት በኋላ የቫኪዩምና የነዳጅ ቱቦዎች ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። የነዳጅ ቱቦ በትኩስ ተርባይን አጠገብ ሲያፈስ ቀልድ የለም፤ መኪናው ይቃጠላል።

ምን ያህል ትልቅ ልምረጥ?

ገበያው ዓይን አዋጅ ስለሆነ ከካታሎግ አትጀምሩ። መጀመሪያ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደምትፈልጉ ወስኑ። ቀጥሎ አጠቃቀማችሁን ጠይቁ። ጠመዝማዛ መንገድ የሚወድ ሰው ከ3,000 ዙር ጀምሮ ጉልበት ይፈልጋል። ቀጥ ያለ ውድድር የሚወድ 5,000 ላይ ቢመጣለትም ግድ የለውም። ብዙዎቻችን በዓመት ሁለት ቀን ለምናደርገው ነገር ገዝተን የቀረውን ዓመት እንሰቃያለን።

ሒሳቡ ያን ያህል አያስፈራም። አምራቾች የአየር ፍሰትን በደቂቃ በፓውንድ ይገልጹታል። በቤንዚን ሞተር 1 ፓውንድ አየር በደቂቃ ከሞላ ጎደል 10 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ምሳሌ እንውሰድ። 2 ሊትር ሞተር፣ 7,000 ዙር፣ 1 ባር ግፊት። ሞተሩ በሁለት ዙር አንዴ ስለሚስብ በደቂቃ 7,000 ሊትር ነው። ሲሊንደሩ 90 በመቶ ይሞላል ብንል 6,300 ሊትር ይሆናል። ከኢንተርኩለር የወጣው አየር 45 ዲግሪ ከሆነ ክብደቱ በሊትር 2.2 ግራም ገደማ ነው። ሲባዛ 14 ኪሎ በደቂቃ፣ ማለትም 31 ፓውንድ ግድም ይመጣል። 300 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ማለት ነው። ስለዚህ ለዚህ ሞተር 35 ፓውንድ የሚያሳልፍ ቱርቦ ይበቃል። 60 ፓውንድ የሚያሳልፈውን ገዝታችሁ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ ላጉን ነው የገዛችሁት።

በሁለት መጠን መካከል ስትዋልሉ ትንሹን ውሰዱ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። በጣም ትንሽ ቱርቦ በዝቅተኛ ዙር ኃይለኛ ቶርክ (የማዞር ኃይል) ይሰጣል፤ የቆየ ሞተር ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) የሚታጠፈው ደግሞ በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቱርቦ የመረጠ ሰው በዝቅተኛ ዙር ግፊቱ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ኮምፒዩተሩን ለሚያስተካክለው ባለሙያ ይንገር።

ኮምፕረሰር ማፕ የሚሉት ያ ደሴት የመሰለ ሥዕል ምን ይነግረኛል?

ሁሉንም ነገር ማለት ይቻላል። አግድም መስመሩ የአየር ፍሰት ነው። ቁመቱ የግፊት ንጽጽር ነው፤ ማለትም ከኮምፕረሰሩ የወጣው ጠቅላላ ግፊት ለገባው ሲካፈል። ባሕር ወለል ላይ 1 ባር ስትጨምሩ ንጽጽሩ 2 ይሆናል። መሃል ያሉት ቀለበቶች ውጤታማነትን ያሳያሉ። ወደ መሃል በቀረባችሁ ቁጥር አየሩ የሚሞቀው ባነሰ መጠን ነው።

አሁን ከላይ ያየነውን ሒሳብ ለ3,000፣ ለ4,000፣ ለ5,000፣ ለ6,000 እና ለ7,000 ዙር ሥሩና ነጥቦቹን ማፑ ላይ አስቀምጡ። ነጥቦቹ ከግራው መስመር ውጭ ከወደቁ ቱርቦው ለሞተሩ በዝቷል። አየሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ይሄ ሰርጅ ይባላል። ነዳጅ ረግጣችሁ እያለ በዝቅተኛ ዙር የሚሰማ የመንተፋተፍ ድምፅ አለው። የዘንጉን የግፊት ብሮንዚና (ዘንጉ የሚያርፍበትን ለስላሳ ብረት) ቶሎ ይጨርሳል። እግራችሁን ስታነሱ የምትሰሙት «ስቱቱቱ» ብዙ ጊዜ ያን ያህል አያሰጋም፤ እየረገጣችሁ የሚመጣው ነው የሚያስፈራው። ነጥቦቹ በቀኝ በኩል ካመለጡ ደግሞ ቱርቦው አንሷል። ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፣ አየሩን ያሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ማፕ የማያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ኤ/አር ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንድን ነው? ስሙ ላይ ያሉት ቁጥሮችስ?

ኤ/አር ተርባይኑን ወይም ኮምፕረሰሩን የያዘው ቤት መተላለፊያ ስፋት ከመሃል ካለው ርቀት ጋር ያለው ንጽጽር ነው። የሚያሳስባችሁ የተርባይኑ ነው፤ የኮምፕረሰሩ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ለምሳሌ ቲ3 በሚባለው የቱርቦ ቤተሰብ 0.48፣ 0.63 እና 0.82 የተለመዱ ናቸው። ትንሹ ጭሱን በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያስወነጭፍ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል፤ በከፍተኛ ዙር ግን ሞተሩን ያፍነዋል። ትልቁ ተቃራኒው ነው። ለመንገድ መኪና መካከለኛው ብዙ ጊዜ ያስደስታል። ቁጥሩን ግን ከሌላ ቤተሰብ ወይም ከሌላ አምራች ጋር አታወዳድሩ፤ የአንዱ 0.64 ከሌላው 0.64 ጋር አንድ አይደለም።

ስሙን በተመለከተ፣ በቱርቦ አምራቹ በጋሬት የቀድሞ ጂቲ መስመር ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የኮምፕረሰሩን ፋን ትልቁን ዲያሜትር በሚሊሜትር ይናገራሉ። ጂቲ2860 ከተባለ 60 ሚሊሜትር ነው። ሌሎች አምራቾች የራሳቸው አሰያየም አላቸው።

ብሮንዚና ወይስ ኩሽኔታ?

የቆዩት መኪኖች አብዛኞቹ ቱርቧቸው በብሮንዚና ነው የሚዞረው። ዘንጉ በስስ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ይሽከረከራል። ርካሽ ነው፣ ለመጠገን ቀላል ነው፣ በደንብ ከተያዘ ረጅም ዕድሜ አለው። ባለ ኩሽኔታው ሰበቃው አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይነሳል፤ በተለይ ከታች ዙር ስትረግጡ ልዩነቱ ይታወቃል። ዋጋው ግን ይመራል፤ ሲበላሽም ብዙ ጊዜ ሙሉው የመሃል ክፍል ነው የሚቀየረው።

ሰው የሚሳሳተው ዘይቱ ላይ ነው። ባለ ኩሽኔታ ቱርቦ ትንሽ ዘይት ነው የሚፈልገው። ብዙዎቹ 1 ሚሊሜትር ገደማ ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ መግቢያው ላይ ይደረግላቸዋል። ያንኑ ማጥበቢያ ባለ ብሮንዚናው ላይ የገጠመ ደግሞ ቱርቦውን በጥም ይገድለዋል። የአምራቹን መመሪያ ተከተሉ፤ «ባለፈው እንዲህ ገጥመን ሠርቷል» የሚለውን መካኒክ አትስሙ።

ቱዊን ስክሮል ይጠቅመኛል?

ለባለ 4 ሲሊንደር፣ አዎ፣ በጣም። የ1 እና የ4፣ የ2 እና የ3 ሲሊንደሮች ጭስ ተለያይቶ እስከ ተርባይኑ ይሄዳል። አንዱ የሌላውን ጭስ ስለማይረብሽ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። ማኒፎልዱ (የሲሊንደሮቹን ጭስ የሚሰበስበው ቧንቧ) ግን አብሮ የተከፈለ መሆን አለበት። ባልተከፈለ ማኒፎልድ ላይ ባለ ሁለት መግቢያ ቤት መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

መኪናዬ መንታ ቱርቦ ነው። ወደ አንድ ትልቅ ልቀይረው?

መንታው እንዴት እንደሚሠራ ይወስነዋል። ስካይላይን ጂቲ-አር ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሲሊንደር ይይዛል። እዚያ ሁለቱንም በብረት ተርባይን በትንሹ ተለቅ ባሉ መተካት ይቻላል፤ ቦታቸው ላይ ቁጭ ይላሉ። ለመንገድ መኪና እኔ ይሄንን እመርጣለሁ።

ማዝዳ አርኤክስ-7 ኤፍዲ እና እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው አራተኛው ትውልድ ቶዮታ ሱፕራ ግን የተለዩ ናቸው። አንደኛው ቱርቦ ከታች ይሠራል፤ ሁለተኛው ዙሩ ሲጨምር ይቀላቀላል። ሲሠራ ግሩም ነው። ይህን የሚመሩት ቫልቮችና የቫኪዩም ቱቦዎች ግን፣ በተለይ አርኤክስ-7 ላይ፣ መዓት ናቸው። ከ25 ዓመት በኋላ የትኛው እንደሚያፈስ መፈለግ ትዕግሥት ይጨርሳል። ሰው ወደ አንድ ቱርቦ የሚቀይረው ለጉልበት ብቻ ሳይሆን ከዚህ ጣጣ ለመገላገልም ነው። የሱፕራው 3 ሊትር ሞተር ብሎኩ የብረት ነው፤ ይሸከማል። የአርኤክስ-7 ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፈንታ የሚዞር ሮተር ያለው) ግን ማንኳኳትን አይታገሥም። አንዴ ከባድ ማንኳኳት ሲደርስበት የሮተሩ ጫፍ ማሸጊያ ሊሰበር ይችላል።

ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ነባሩን ሥርዓት በአዲስ ቱቦ ጤነኛ አድርጋችሁ አንድ ወር ንዱት። ቀርፋፋ ነው ያላችሁት ቱርቦ ታሞ ሊሆን ይችላል።

ርካሽ ኮፒ ብገዛስ?

አትግዙ። ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው የዘንጉ ሚዛን ላይ፣ ብረቱ ላይና ብሮንዚናው ላይ ነው። ሲበተን ቁርጥራጩ በኢንተርኩለር በኩል ወደ ሞተር ሊሄድ ይችላል። ገንዘቡ ካልበቃ ነባሩ ቱርቦ በታወቀ ባለሙያ ተፈትቶ፣ ተለቅ ያለ ፋን ተገጥሞለት እንዲታደስ አድርጉ። ውጭው እንደነበረ ስለሚቆይ ማኒፎልድም ቧንቧም መቀየር አያስፈልግም።

ከቱርቦው ጋር ምን ምን መቀየሩ አይቀርም?

ነዳጅ ይቀድማል። አየር ጨምሮ ነዳጅ ያላገኘ ሞተር ፒስተኑን ያቀልጣል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ለ300 የፈረስ ጉልበት እያንዳንዱ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) በደቂቃ 550 ሲሲ ገደማ መስጠት ይኖርበታል። ያም ኢንጀክተሩ ከ85 በመቶ በላይ ጊዜ ክፍት እንዳይሆን ተደርጎ ነው። የብዙ የቆዩ መኪኖች ኢንጀክተር ከዚህ በታች ነው። ፓምፑም አርጅቷል። የአየር መለኪያውም፣ በተለይ በር የሚመስለው የድሮው ዓይነት፣ ጣሪያው ላይ ይደርስና ከዚያ በኋላ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ነገር የለውም።

የኮምፒዩተሩን ማስተካከያ የሚሠራ ሰው ቱርቦው ሳይገዛ በፊት ፈልጉ። ጎበዝ ባለሙያ የትኛው ቱርቦ ለሞተራችሁ እንደሚሄድ ከካታሎግ የተሻለ ያውቃል። የአየርና የነዳጅ ንጽጽር የሚያሳይ መለኪያም አይቅር። ሙሉ ግፊት ላይ 11.5 ወይም 12 አካባቢ ማየት የተለመደ ነው፤ እዚያ 14 ካያችሁ ወዲያው እግራችሁን አንሱ። ከዚያ ፍሪሲዮኑ ይከተላል። ቶርኩ ሲጨምር ይንሸራተታል። እሱ ሲጠነክር ተራው የካምቢዮ ይሆናል። ስለ ፍሬን አልጠየቃችሁኝም፤ ግን ጠይቁ።

ከፍታ ቦታ ላይ ነው የምነዳው። ምርጫው ይለወጣል?

ይለወጣል። 2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው። መለኪያችሁ 1 ባር ሲል ጠቅላላው 1.76 ነው፤ ባሕር ወለል ላይ ግን 2 ነበር። ጉልበት የጠፋው ለዚህ ነው። የግፊት ንጽጽሩ ደግሞ 1.76 ለ0.76፣ ማለትም 2.3 ገደማ ሆኗል። ቱርቦው እየሰጣችሁ ያለው ያነሰ ነው፤ እየለፋ ያለው ግን የበለጠ ነው።

የባሕር ወለሉን ጉልበት በሙሉ ልመልስ ካላችሁ ንጽጽሩ ወደ 2.65 ይወጣል። ትንሽ ቱርቦ እዚህ ላይ ከአቅሙ በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ስለዚህ ነጥቦቻችሁን ማፑ ላይ ስታስቀምጡ የምትነዱበትን ከፍታ ተጠቀሙ። ከፍታ ላይ ቀድሞ የሚነሳ ቱርቦም ይበልጥ ይፈለጋል። ግፊት እስኪመጣ ድረስ ሞተሩ በስስ አየር ነው የሚሠራውና፣ ላጉ ከባሕር ወለሉ ይብሳል።

ግፊቱን 0.8 ባር ላይ አድርጌዋለሁ፤ ዙሩ ሲጨምር ግን 1.2 ይደርሳል። ለምን?

ይሄ አብዛኛውን ጊዜ የዌስትጌት ችግር ነው። ዌስትጌት ትርፍ ጭስን በተርባይኑ አጠገብ የሚያሳልፍ በር ነው። በሩ ጠባብ ከሆነ ሙሉ ተከፍቶም ጭሱን አይጨርስም። የቀረው ጭስ ተርባይኑን ማሽከርከሩን ይቀጥላል። የሚገርመው ማርሚታው ሲሰፋ ይብሳል፤ ከተርባይኑ በኋላ መንገዱ ስለተከፈተለት።

መጀመሪያ ወደ ዌስትጌቱ የምትሄደዋን ትንሽ ቱቦ እዩ፤ ተነቅላ ወይም ተሰንጥቃ ከሆነ መፍትሔው ሳንቲም ነው። ካልሆነ የበሩ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ወይም ለብቻው የሚቆም ዌስትጌት ይገጠማል። ለብቻው የሚቆመው የት እንደሚወጣ ወሳኝ ነው፤ ጭሱ በቀጥታ በሚፈስበት አቅጣጫ እንጂ ማኒፎልዱ ላይ ወደ ኋላ ተጠማዞ መውጣት የለበትም። ግፊቱን በኤሌክትሮኒክስ መቀነስ አይሠራም። ከዌስትጌቱ ስፕሪንግ በታች መውረድ አይቻልም።

አዲሱ ቱርቦ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። ተበላሽቶ መጣ ማለት ነው?

ምናልባት። ብዙ ጊዜ ግን ቱርቦው ንጹሕ ነው፤ ዘይቱ መውጫ አጥቶ ነው። በግፊት የገባው ዘይት የሚወጣው በራሱ ክብደት ወርዶ ነው። የመመለሻ ቱቦው ሰፊ፣ ያለ ጉብታ ቁልቁል የሚወርድ፣ ካርተሩ (የሞተሩ ዘይት መያዣ) ላይም ከዘይቱ ወለል በላይ የሚገባ ይሁን። የቱርቦው መውጫ ከቁልቁሉ ከ35 ዲግሪ በላይ እንዳያዘነብል ጋሬት ይመክራል። ቱቦው ከታጠፈ ዘይቱ ይጠራቀምና በማሸጊያ ቀለበቶቹ አልፎ ወደ ጭሱ ይገባል።

ቱቦው ደህና ከሆነ የሞተሩን መተንፈሻ እዩ። ፋሻው የደከመ ሞተር ካርተሩ ውስጥ ግፊት ይይዛል፤ ያ ግፊት የቱርቦውን ዘይት እንዳይወርድ ይይዘዋል። አዲስ ቱርቦ ሦስቴ አስቀይሮ ሦስቱም ያጨሱበት ሰው አውቃለሁ። ችግሩ የተደፈነ መተንፈሻ ነበር። ቱርቦውን ከመመለሳችሁ በፊት የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ሞተሩን ዝም ብላችሁ አስነሱት። ትንፋሹ እጃችሁን የሚገፋ ከሆነ ለሻጩ አትደውሉ፤ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ተመለሱ።